ሙሉውን ልግዛ ወይስ ላስገጣጥም?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሙቀቱ በረድ ሲልላችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሁላችንም ምንጣፋችንን ይዘን ደጅ ተኝተን ሳለ ስልኬ ጠራ። የእህቴ ልጅ ነው። ከደብረ ታቦር ወጣ ካለ ገጠር ነው የሚኖሩት፤ ኔትወርክ ሲፈልግ ጉብታ ላይ ይወጣል። 19 ዓመቱ ነው። 12ኛ ክፍልን ሳይጨርስ ጦርነቱ መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ እርሻ ነው፣ ከብት ነው፣ ሌሊት ደግሞ ጥበቃ ነው።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርህ ነበር" አለኝ። የፈተና ነገር መስሎኝ ደስ አለኝ።

"ክላሽ ልገዛ አስቤያለሁ። ሙሉው አይቀመስም። ግን ዕቃውን ለየብቻ የሚሸጥ አንድ ሰው አለ። ገላው እሱ ጋ አለ፣ ሰደፉ ሌላ ሰው ጋ ተገኝቷል፣ ካዝናው አይጠፋም። የሚገጣጥም የድሮ ወታደርም አለ። በግማሽ ዋጋ ይወጣል። አንተ የተማርክ ነህ፣ ምን ትለኛለህ? ሙሉውን ልግዛ ወይስ ላስገጣጥም?"

ጥያቄውን አያችሁት? "ልግዛ ወይስ ልተው" አላለኝም። እሱ በልቡ አልቋል። የቀረው የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ ሂሳቡን ደግሞ የምከፍለው እኔ ነኝ።

"ነገ እደውልልሃለሁ" ብዬ ዘጋሁት። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ይህን የምጽፈው እዚህ ጅቡቲ፣ ዓሊ አዴም ሆነ ሆልሆል፣ ከዚያም አልፎ ባሕር ማዶ ላላችሁት ነው። ይህ ስልክ ለእኔ ብቻ እንዳልተደወለ አውቃለሁ። በውስጥ መስመር የነገራችሁኝ አላችሁ። አንዳንዶቻችን ከቀን ሥራ ፍራንክ አጠራቅመን በሐዋላ የምንልከው ገንዘብ ጤፍ ይሁን ጥይት አናውቅም። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገርበት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ገበያ ስሄድ በሐሙዲ መስጊድ በኩል አለፍኩ። እዚያ ያለውን አደባባይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሚኒባሱም ሰልባጁም የሚተራመስበት። ዛሬ ማህሙድ ሐርቢ አደባባይ ይባላል። በፈረንሳዮች ጊዜ ግን ስሙ ፕላስ ራምቦ ነበር። ከዚያ ጥቂት በእግር ስትሄዱ ካፌዎቹ ያሉበት የ27 ጁን አደባባይ አለ። የእሱ የድሮ ስም ደግሞ ፕላስ ሜኔሊክ ነው። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ይህን ድሮም አውቀው ነበር። የዚያን ቀን ግን ቆም ብዬ አሰብኩት። ሻጩና ገዢው በአንድ ከተማ ውስጥ ጎረቤት አደባባይ ነበራቸው። የተሻሻጡትም ጠብመንጃ ነው።

አርተር ራምቦ ፈረንሳዊ ባለቅኔ ነበር። ግጥሙን ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ትቶ ነጋዴ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ከዚህ ከባሕሩ ማዶ ታጁራ ላይ ወረደ፤ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ መሣሪያ ሊሸጥ። ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠብመንጃ ነበረው። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ዕቃውን ራሱ ገልጾታል፤ በአውሮፓ ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጣ፣ አሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጣ፣ ለንጉሡ ግን በ40 ፍራንክ የሚሸጥ። መንግሥቱ የመሣሪያ ንግዱን ከለከለበት፣ ሸሪኩ ታሞ ሞተበት፣ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው የተነሳው። እንጦጦ ሲደርስ ምኒልክ ዋጋውን ሰበሩት፣ የሟቹን ሸሪክ ዕዳም ቀነሱበት፣ ቀሪውን ሐረር ሄዶ ከራስ መኮንን እንዲቀበል ማዘዣ ሰጡት። አክስሮ እንደመለሰው ሲያማርር ኖረ። በ37 ዓመቱ ማርሴይ ላይ ሞተ። እኔ ዘንድሮ 36 ነኝ።

ታሪኩን ያነሳሁት ለራምቦ አዝኜለት አይደለም። የእኛ ሰው ከድሮ ጀምሮ ሙሉውን መግዛት እንደሚያውቅ ለማሳየት ነው። በዚህ የባሕር ዳርቻ፣ በኦቦክ፣ በታጁራ፣ ኋላም በጅቡቲ የገባ መሣሪያ ብዙ ነው። ውጅግራ የምንለው ጠብመንጃ ስሙ ራሱ "ፉዚ ግራ" ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ምኒልክ ከፈረንሳይም፣ ከራሷ ከጣሊያንም መሣሪያ አግኝተው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አደረጉ። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ "ምኒልክ ሙሉውን ገዝተው አሸንፈዋል" ብለው ታሪክ አይዋሽብኝም።

ግን ታሪኩ እዚያ አያልቅም። ከ40 ዓመት በኋላ ጣሊያን ተመልሶ ሲመጣ የኛ ሠራዊት እጅ ላይ የነበረው ጠብመንጃ ከየአገሩ የተገዛ ነበር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። የውጭ መንግሥታት ሽያጩን ሲከለክሉ ደግሞ ጥይት የጨረሰ ጠብመንጃ ዱላ ሆነ። ጠብመንጃ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ ጥይቱ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ሻጩ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ አስቀምጦ ነው ቤቱን የሚሸጥልህ።

"እንግዲያው መሥራት ይሻላል" የሚል ይኖራል። ይህንንም የሞከረ ንጉሥ አለን፤ ያውም በእኛው ሰፈር።

ሳስተምር በየዓመቱ ተማሪዎቼን ጋፋት እወስዳቸው ነበር። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ነው፣ በእግር ይደረሳል። ዛሬ ብትሄዱ የምታዩት ሣርና ድንጋይ ነው። አጼ ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ሲጽፉ፣ ከወዳጅነት ጋር ባለሙያ ፈልገው ነበር። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን ሚስዮናውያንም ጋፋት ላይ አስቀምጠው መድፍ ሥሩ አሏቸው። ሰዎቹ መድፍ መሥራት አናውቅም አሉ። ንጉሡ ግን አለቀቋቸውም። ሞክረው፣ ከሽፎባቸው፣ እንደገና ሞክረው በመጨረሻ ሴባስቶፖልን አወጡ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ጋፋት ላይ የኢትዮጵያ ልጆችም ከፈረንጆቹ ጋር ሙያ እንዲማሩ ተደርጎ ነበር።

ያንን መድፍ መንገድ እየጠረጉ፣ በሰው ጉልበት እየጎተቱ መቅደላ ለማድረስ ወራት ፈጀ። በጦርነቱ ላይ የፈየደው ነገር የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሰዉ። ሽጉጡ ደግሞ ጋፋት የተሠራ አልነበረም፤ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ነበር። ተማሪዎቼ እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ዝም ይላሉ።

እኔ ቴዎድሮስን አልወቅስም። የፈለጉት ብረቱን ብቻ ሳይሆን እጁን፣ ሙያውን ነበር። እኛ ግን ከጋፋት የወረስነው ስሙን ነው። ዛሬ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጋፋት ይባላል። የሙያው ትምህርት ቤት ግን ሣር በቅሎበታል።

አሁን ከነገሥታቱ ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ምክንያቱም ሙሉውንም ቁርጥራጩንም የሞከረ ሰው አውቃለሁ። አባቴ ነው።

አባቴ ኤም ዋን ነበረው። በጃንሆይ ጊዜ ከአሜሪካ የመጣው፣ ስምንት ጎራሽ፣ በተኮስክ ቁጥር ራሱ የሚያጎርስ። ቃታ መሳብ መመለስ የለም፤ ምላጩን ብቻ ነው። አንድ በሬ ሸጦ ነው ሙሉውን የገዛው። በዚያ ዘመን አርሶ አደር አንድ በሬ ሸጠ ማለት ከጎረቤት ተቀናጅቶ ሊያርስ ወሰነ ማለት ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ "ያ ጥቁር በሬ" ትል ነበር።

የኤም ዋን ጥይት ስምንቱም አንድ ላይ በትንሽ ቆርቆሮ ታቅፎ ነው የሚገባው። ስምንተኛው ሲተኮስ ቆርቆሮዋ "ቅል" ብላ ተፈናጥራ ትወድቃለች። አባቴ የቀረችው አንዲት ቆርቆሮ ብቻ ነበረች። ሰርግ ላይ ሲተኩስ የእኔ ሥራ እሷን ከሣር ውስጥ መፈለግ ነበር። ስምንት ዓመቴ ሳለ አንድ ሰርግ ላይ አጣኋት። እስኪመሽ ፈለግን፣ በማግስቱም ፈለግን፣ የለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ጎራሹ ጠብመንጃ አንድ ጎራሽ ሆነ። አንድ በአንድ በእጁ ነበር የሚያጎርሰው። ጥይቱም ቢሆን አሜሪካ ከሄደች በኋላ እየጠፋ፣ እየተወደደ ሄደ። በሬ የሚያህል ንብረት በአንዲት ቆርቆሮ ምክንያት እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ።

ቀጥሎ ሰደፉ ተሰነጠቀ። አባቴ ገበያ ወጥቶ አሮጌ የኤም ዋን ሰደፍ በርካሽ አገኘ። አስተካክሎ ገጠመው፣ ልክክ አለ። ሰደፉ ላይ በቢላ የተቀረጸ መስቀልና ሁለት ፊደል ነበረበት። አባቴ እንጨት ነው ብሎ ምንም አልመሰለውም።

ከዓመት በኋላ ለቅሶ ሄደን ሳለ አንድ ሰው ከሕዝቡ መሀል ወጥቶ አባቴ ትከሻ ላይ ያለውን ጠብመንጃ ፍጥጥ ብሎ አየ። "ይህ የወንድሜ ሰደፍ ነው" አለ። ወንድሙ ከዓመታት በፊት መንገድ ላይ ተገድሎ መሣሪያው የተወሰደበት ሰው ነበር። ገዳዩ አልታወቀም ነበር። አሁን ግን ታወቀ፤ አባቴ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት አልረሳቸውም። አባቴ ከቤት አይወጣም፣ በሩ በጊዜ ይዘጋል፣ እህቴ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ እንኳን አብሯት የሚሄድ ሰው ይፈለጋል። በመጨረሻ ሽማግሌ ገባ። አባቴ ወንጌል ይዞ ማለ። ሰደፉን የሸጠለት ሰው ሲፈለግ የለም። እርቁ እንዲጸና ተብሎ በእጁ የቀረውን በሬ ሰጠ። ሰደፉም ተመለሰ፤ የሟቹ ወንድም እንደ ሰው ሬሳ አቅፎት ነው የሄደው።

አንዱ በሬ ለሙሉ ጠብመንጃ፣ ሌላው በሬ ለአንድ ቁራጭ እንጨት። የቤታችን ሂሳብ ይህ ነው።

ለእህቴ ልጅ መጀመሪያ ያነሳሁለት ይህንኑ ነው። "ያ ሰውዬ ገላውን ከየት አመጣው? ሰደፉስ? ፋብሪካ ውስጥ አልተቆረጠም። እያንዳንዱ ዕቃ ከወደቀ ሰው ላይ የተነሳ ነው። የማን እንደሆነ አታውቅም፣ ማን እንደሚያውቀውም አታውቅም። አራት ሰው የሞተበትን ብረት አንድ አድርገህ ትከሻህ ላይ ታንጠለጥላለህ። አንዱ ወንድም ገበያ ላይ ቢያየው የአራቱን ደም ከአንተ ነው የሚጠይቀው።" ሕጉንም ጨመርኩለት፤ ከ2012 ጀምሮ አዋጅ 1177 አለ፣ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ያስቀጣል፣ የተገጣጠመውን ደግሞ ማንም አይመዘግብልህም።

"እሺ፣ እንግዲያው ሙሉውን ላክልኝ" አለኝ።

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ። መምህር ሆኜ ይህን ያህል ዓመት ስቆም እንዲህ አፌን ያስያዘኝ ተማሪ የለም።

"ሙሉ የሚባል የለም" አልኩት። "ሙሉውን ብገዛልህ ነገ ጥይት ትላለህ። ጥይት ስልክልህ ከነገ ወዲያ አንዱ ወገን ና ተከተለን ይልሃል፣ ሌላው ወገን ና አስረክብ ይልሃል። ባዶ እጁን ያለ ልጅ አንዳንዴ ይታለፋል፤ ክላሽ የያዘ ልጅ ግን አይታለፍም። ቀስ በቀስ ነው የምትከፍለው። የመጨረሻው ክፍያ ራስህ ነህ።"

ዝም አለ። ከዚያ ያላሰብኩትን ተናገረ።

"ጋሼ፣ አያቴ ያንን ጠብመንጃ ሸጦ አይደል አንተን ያስተማረህ? ተምረህ ምን ሆንክ? ስደተኛ ሆንክ።"

እውነቱን ነው። አባቴ ያንን ኤም ዋን ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሸጦታል። በልብሴ፣ በጫማዬ፣ በኪስ ገንዘቤ ነው ያለቀው። እኔ ከጠብመንጃ ዋጋ የተሠራሁ መምህር ነኝ። ዛሬ ደግሞ ጅቡቲ ከተማ ባንድ ክፍል ውስጥ የስደተኛ ልጆችን ማታ ማታ የማስጠና፣ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀኝ ሰው ነኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ስልኩን እናቱ ተቀበለችው። ታላቅ እህቴ ናት። "ወንድምዓለም" አለችኝ፣ "እኔም አልወደውም። ግን ሌሊት ውሻ ሲጮህ ማን እንደመጣ አናውቅም። የእነ እገሌን ልጅ አግተው ወስደው ቤተሰቡ ከብቱን ሁሉ ሸጦ ነው ያስለቀቀው። ባዶ ቤት ነው ብለው እንዳይመጡብን ነው እኮ።"

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ነው ሐቁ። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ፣ ክልላችን ያለበትን ሁሉም ያውቃል። ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ውጪ ናቸው። እህቴን "ፍርሃትሽ ከንቱ ነው" ልላት አልችልም። እኔ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ፣ እሷ ግን የውሻ ጩኸት እያዳመጠች ነው የምታድረው። አክቲቪስት ነኝ የሚል ሁሉ ይህን ጩኸት ሳይሰማ "ታጠቅ" ወይም "ፍታ" ማለት ቀላል ነው። ስክሪን ላይ የሚጻፍ "ታጠቅ" ጥይት አያስገዛውም፣ ቀብርም አያስወጣውም።

ስለዚህ ልጁን ልስደበው አልፈለግኩም። ከእህቴ ጋር ብቻ ረጅም ሰዓት ተነጋገርን። "እታለም፣ አንድ ክላሽ ቢኖራችሁ ሌሊት የሚመጡት ስንት ሆነው ነው የሚመጡት?" አልኳት። ዝም አለች። "ልጁ በራፍ ላይ ቆሞ ብቻውን ሊተኩስ ነው? ወይስ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ በየተራ ቢጠብቅ፣ ቢጮህ፣ ቢደዋወል ነው የሚሻለው?" አሁንም ዝም። ከዚያ "እሱስ ልክ ነህ፣ ግን ወንድ ልጅ ነዋ፣ እኩዮቹ ሁሉ ይዘዋል" አለችኝ። ያኔ ገባኝ። ግማሹ ፍርሃት ነው፣ ግማሹ ግን ወግ ነው። በእኛ አገር ጠብመንጃ የሌለው ጎረምሳ ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም ጥግ ነው የሚቆመው። ይህን ወግ ያስተማርነው እኛው ነን፤ እኔም ቆርቆሮ ስፈልግ ያደግሁ ልጅ ነኝ።

የወሰንኩትን ልንገራችሁ። ሙሉ የክላሽ ዋጋ አልላክሁም፤ የለኝምም። የግማሹን ግን፣ ማለትም ለማስገጣጠሚያ የጠየቀኝን ያህል፣ ጓደኞቼ ጋ ተበድሬም ቢሆን ልኬያለሁ። ለእናቱ ነው የላክሁት፤ መንገዱ ሲከፈት ባሕር ዳር ያለች የአክስታችን ልጅ ጋ ሄዶ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን በግል እንዲፈተን፣ እስከዚያው ለቀለቡ። "ጠብመንጃ ተሽጦ እኔን አስተምሯል፤ ያልተገዛው ጠብመንጃ ደግሞ አንተን ያስተምር" ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ አንድ ቃል ነበር። "እሺ።" እሺ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የትኛው እንደሆነ ገና አላወቅሁም።

"ተምረህ ምን ሆንክ" ላለኝም ያኔ ያልመለስኩለትን እዚህ ልመልስ፤ ምናልባት ያነበዋል። ልጄ፣ ስደተኛ ሆኛለሁ። ግን በሕይወት ያለሁ ስደተኛ ነኝ። ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ከተቀመጡት መካከል ሙሉውን የገዙም ያስገጣጠሙም ነበሩ። የስንቶቹን መርዶ እዚሁ ስልክ ላይ እንደሰማሁ አንተም ታውቃለህ።

ለእናንተ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ከቤተሰብ እንዲህ ዓይነት ስልክ ሲመጣ አትቆጡ፣ አትዝጉትም። ግን ገንዘቡ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት ጠይቁ። ዕቃው ከማን ላይ የተነሳ ነው? ጥይቱን ማን ነው የሚሸጠው? ልጁ ከያዘው በኋላ ማን ነው የሚያዘው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ጠብመንጃ፣ ሙሉ ሆነ የተገጣጠመ፣ ርካሽ አይደለም። የቀድሞ ሰዎች ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለዋል። ዛሬ አገሩ ሁሉ እየሮጠ ነው የሚታጠቀው።

ይህን የደረሰበት ካለ ከታች ጻፉልን፣ ወይም በውስጥ መስመር። ስም አናነሳም። አብረን እንማከር፤ ለአንድ ልጅ የሚበቃ ገንዘብ አንዱ ብቻውን ባይኖረው ሦስት አራት ሆነን እናዋጣለን።

ሰላም ለአገራችን፣ ዕድሜ ለልጆቻችን።